ግራዋ፣ ዳንግሬቶ እና የስማቸው ጉዞ

ጥር ላይ ከቦንጋ ተነሥቶ በሚዛን መንገድ ወደ ዋጫ የሚጓዝ ሰው ዓይኑን ቀድሞ የሚይዘው ቡናው አይደለም። ቡናው ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው፤ ከመኪና መስኮት አይታይም። የሚታየው ሌላ ነው። መንገዱ በተቆረጠበት ግድግዳ፣ ታርሶ በተተወ ማሳ፣ ዛፍ ወድቆ ብርሃን በገባበት የደን ጠርዝ ሁሉ፣ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ቅጠለ ሰፊ ቁጥቋጦ ሐምራዊ አበባውን በየቅርንጫፉ ጫፍ ጭኖ ቆሟል። በካፋዎች ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ዳንግሬቶ ይባላል። ወደ ሰፈር ሲጠጉ ደግሞ በየአጥሩ ነጭ አበባ ያወጣ ሌላ ቁጥቋጦ አለ። እሱን ለማንም ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ ግራዋ ነው።

ግራዋን የማያውቅ ሰው ካለ ጠላ ሲጠመቅ አይቶ አያውቅም ማለት ነው። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ካልታጠበና በወይራ ካልታጠነ ጥንስስ አይገባበትም። ሆዱን የነፋው ጭማቂውን ይጠጣል፤ ንብ አናቢው ከአበባው ማር ይጠብቃል፤ አጥር የሚያጥረው ቅርንጫፉን ቆርጦ ይተክላል፣ እሱም ያለ ብዙ ልመና ይጸድቃል። ኦሮሞው ኢቢቻ ይለዋል። በናይጄሪያ ዮሩባዎች ኤዉሮ ብለው ምሬቱን አጥበው ወጥ ይሠሩበታል። በታንዛኒያ የማሃሌ ተራሮች ደግሞ ማይክል ሃፍማን የተባለው ተመራማሪ በ1987 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) አንዲት የታመመች ቺምፓንዚ የግራዋን ግንድ ልጣ ውስጡን ስታኝክና መራራውን ውኃ ስትመጥ አይቷል። ሃፍማን ከሙሐመዲ ሰይፉ ጋር ሆኖ ነገሩን በ1989 ሲያሳትም፣ እንስሳት ራሳቸውን ያክማሉ ለሚለው ሐሳብ ከመጀመሪያዎቹ ጠንካራ ማስረጃዎች አንዱ ሆነ።

ግራዋን ከዳንግሬቶ መለየት ለዋጫ ልጅ ፈተና አይደለም። ጣጣው የሚጀምረው መጽሐፍ ሲገለጥ ነው። አንዱ መጽሐፍ ሁለቱንም ቬርኖኒያ ይላቸዋል፤ ግራዋ ቬርኖኒያ አሚግዳሊና፣ ዳንግሬቶ ቬርኖኒያ አውሪኩሊፌራ። ሌላው መጽሐፍ ሁለቱንም ጂምናንተመም ብሎ ይጠራል። ተማሪው ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን አስቀምጦ ከመካከላቸው የትኛው እንደተሳሳተ ይጠይቃል። መልሱ ሁለቱም አልተሳሳቱም ነው። ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል ማስረዳት የዚህ ጽሑፍ ሥራ ነው።

መጀመሪያ ግን ቤተሰቡን ማወቅ ይገባል። ግራዋና ዳንግሬቶ የአደይ አበባ ዘመዶች ናቸው። ኑግ፣ ሱፍ፣ ሰላጣ፣ ጭቁኝ፣ አሪቲ፣ ቀበሪቾ ሁሉም ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው፤ በሳይንስ ስሙ አስቴራሴ ይባላል። በዓለም ላይ ከ24,000 በላይ ዝርያዎች ስላሉት ከአበባ ተክል ቤተሰቦች ሁሉ ከታላላቆቹ ተርታ ነው። በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ ከ400 በላይ ዝርያዎቹ ተመዝግበዋል።

ቤተሰቡን አንድ የሚያደርገው ብልሃት አለው። መስከረም ላይ አንዲት አደይ ቀጥፎ በጥፍር የሰነጠቃት ሰው፣ አንድ አበባ ነው ያለው ነገር የአበባ ጉባኤ ሆኖ ያገኘዋል። መሐሉ ላይ ያለው ቢጫ ክብ በደርዘን የሚቆጠሩ ጥቃቅን አበቦች ተጨናንቀው የቆሙበት ነው፤ እያንዳንዷ የራሷ ቱቦ፣ የራሷ ወንዴና ሴቴ፣ የራሷ አንድ ፍሬ አላት። ዙሪያውን የዘረጉት ቢጫ ምላሶችም እያንዳንዳቸው ለንብ ምልክት እንዲሆኑ የተለጠጡ አበቦች ናቸው። ይህ ሁሉ ጉባኤ አንድ የአበባ ራስ ይባላል፤ ከታች ደግሞ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረቡ አረንጓዴ ቅጠሊቶች ያቅፉታል።

በግራዋና በዳንግሬቶ ራስ ላይ ምላስ የለም። ሁሉም አበቦች ቱቦ ናቸው። ፍሬዋ ስትደርስ በአናቷ ላይ ፀጉር ታወጣለች፣ ነፋስም ይዟት ይሄዳል። ዳንግሬቶ በተተወ ማሳ ላይ ከሁሉ ቀድሞ የሚበቅለው በዚህ ፀጉር ምክንያት ነው። መላው የግራዋ ነገድ፣ ከቤተሰቡ አንዱ ቅርንጫፍ፣ በዚህ ይታወቃል፦ ምላስ የሌለው ራስ፣ ብዙውን ጊዜ ከሐምራዊ እስከ ነጭ የሆነ ቀለም፣ ሁለት ቦታ የተሰነጠቀና ፀጉራም የሆነ የሴቴ ዘንግ። ቢጫ አበባ ያለው የነገዱ አባል ጥቂት ነው። አደይና ኑግ በዚህ በኩል ሩቅ ዘመድ ናቸው።

እንግዲህ ወደ ስሙ። ዊልያም ቬርኖን የተባለ እንግሊዛዊ በ1698 ወደ አሜሪካ ሜሪላንድ ተሻግሮ ዕፅዋት ሰበሰበ። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ በ1791 ጀርመናዊው ሽሬበር አንድ የአሜሪካ ሐምራዊ አበባ ወገን በእሱ ስም ቬርኖኒያ ብሎ ሰየመ። ቬርኖን ግራዋን አላየም። ጋን ሲታጠብ ቀርቶ አፍሪካንም አላየ ይሆናል። ቢሆንም በኋለኛው ዘመን በአፍሪካ የተገኘ ምላስ የሌለው ሐምራዊ ራስ ያለው ተክል ሁሉ እየተለቀመ እሱ ስም ውስጥ ተጨመረ።

ግራዋ ራሱ የተሰየመው በ1826 ነው። ፍሬዴሪክ ካዮ የተባለው ፈረንሳዊ ተጓዥ ከ1819 እስከ 1822 በግብፅ ጦር ጎን በሱዳን ሲጓዝ እስከ ፋዞግሊ ደርሶ ነበር። ያመጣቸውን ዕፅዋት ያጠናው ቀደም ሲል ከናፖሊዮን ጋር ግብፅ ዘምቶ የነበረው የዕፅዋት ሊቅ አሊር ዴሊል ነው። ዴሊል ቅጠሉን አይቶ የለውዝ ዛፍ ቅጠል መሰለውና አሚግዳሊና አለው፤ ባለ ለውዝ ቅጠል እንደማለት። ምሬቱ በስሙ ውስጥ አልገባም። በደረቀ ቅጠል ላይ ምሬት አይታይምና።

በ1843 ሌላ ሰው መጣ። ካርል ሃይንሪሽ ሹልዝ ሐኪም ነበረ፣ ትርፍ ጊዜውን ሁሉ ግን ለዚህ ቤተሰብ የሰጠ። በዘመኑ ስመ ሞክሼ ሌላ ካርል ሃይንሪሽ ሹልዝ ስለነበረ ይህኛው ከትውልድ ከተማው ከጽቫይብሩከን ወስዶ ቢፖንቲኑስ የሚል ተቀጥላ ጨመረበት። ሁለት ድልድይ ማለት ነው። ዕፅዋት ለሚሰይም ሰው የራሱ ስም ከሌላ ሰው ጋር መምታታቱ የሚገባው ቅጣት ይመስላል። ሹልዝ ግራዋን ከቬርኖኒያ አውጥቶ፣ ፈረንሳዊው ካሲኒ ቀደም ብሎ ወዳቆመው ጂምናንተመም ወደተባለ ወገን አዛወረው። የሰማው አልነበረም። የአውሮፓ ትልልቅ ሊቃውንት ቬርኖኒያን እንዳሰፉት ቀጠሉ፤ ቬርኖኒያም አንድ ሺህ ገደማ ዝርያ የተከማቸበት፣ ሌላ ቦታ ያጣ ሁሉ የሚገባበት ጎታ ሆነ።

ጎታው እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቆየ። መጀመሪያ የተጠራጠሩት ክሮሞዞም የቆጠሩ ናቸው። አሜሪካዊው ሳሙኤል ጆንስ የአሜሪካ ቬርኖኒያዎች ክሮሞዞም በ17 መሠረት ሲባዛ፣ የአፍሪካና የእስያዎቹ ግን በ9 ወይም በ10 መሆኑን አሳየ። ከዚያ የስሚዝሶኒያኑ ሃሮልድ ሮቢንሰን ዕድሜውን በአጉሊ መነጽር ሥር አሳለፈ። የአበባ ብናኝ ቅርፅ፣ የፍሬው ቆዳ፣ የሴቴው ዘንግ ሥር፣ ዓይን የማያየውን ሁሉ አየ። በ1999 ባሳተማቸው ሥራዎች ቬርኖኒያ የሚለውን ስም ለሰሜን አሜሪካ ሃያ ገደማ ዝርያዎች ብቻ ትቶ የቀረውን በታተነ። የሹልዝ አሮጌ ስም ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ከመደርደሪያ ወረደ። ስተርሊንግ ኪሊና ባልደረቦቿ በ2007 ዲ.ኤን.ኤ. መርምረው የአሮጌው ዓለምና የአዲሱ ዓለም ዝርያዎች የተለያየ መሥመር መሆናቸውን አረጋገጡ። በዚያ ጥናት ርእስ ላይ ይህ ነገድ ክፉው ነገድ ተብሎ ተጠርቷል። ያን ሁሉ ዓመት ሰውን ያደከመ ነገድ ቢሰደብ አይበዛበትም።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበል። ከቬርኖኒያ ወደ ጂምናንተመም ሲዛወር አሚግዳሊና የሚለው ክፍል አልተለወጠም፣ የላቲን ሰዋስዋዊ ጾታውን አስተካክሎ አሚግዳሊነም ከመባል በቀር። የሳይንስ ስም ሁለት ቃል ነው፦ የፊተኛው የወገኑ፣ የኋለኛው የዝርያው። ወገን ሲለወጥ ዝርያው የራሱን ስም ይዞ ቤት ይቀይራል። ከዚያ የሰያሚዎቹ ስም ይከተላል። የዴሊል ስም በቅንፍ ውስጥ ይገባል፣ መጀመሪያ ስም ያወጣ እሱ ነውና፤ ያዛወረው ሹልዝ ከቅንፉ ውጭ ይቆማል። ስለዚህ ያ ደረቅ የሚመስል የስም ጅራት የትውልድ ሐረግ ነው። ማንበብ ለሚችል ማን ወለደ፣ ማን አሳደገ ይናገራል።

ሌላው ደግሞ ስምና ምደባ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። ስም በሕግ ይገዛል። የዓለም የዕፅዋት ሊቃውንት በየስድስት ዓመቱ ገደማ በጉባኤ የሚያሻሽሉት ደንብ አላቸው፤ መነሻውም ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኔየስ በ1753 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ቀድሞ በሥርዓቱ የታተመ ስም ይጸናል። አንድ ተክል ግን ከየትኛው ወገን ይግባ የሚለውን ደንቡ አይወስንም። ያ የሊቁ አስተያየት ነው፣ ማስረጃውን አይቶ የሚደርስበት። ለዚህ ነው ሁለቱ የተማሪው መጻሕፍት ሳይሳሳቱ የተለያዩት። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ በ2004 የዚህን ቤተሰብ ክፍል ሲያወጣ ግራዋን ቬርኖኒያ አሚግዳሊና ብሎ አቆይቶታል። ሰፊውን ቬርኖኒያ የመረጠ ጸሐፊ እንዲህ ይጽፋል፤ ጠባቡን የመረጠ ጂምናንተመም ይላል። ከ2007 ወዲህ ሚዛኑ ወደ ጠባቡ አድልቷል። ይሁን እንጂ የመድኃኒት ጥናት የሚያሳትሙ ሰዎች ዛሬም አሮጌውን ስም ይጠቀማሉ፣ አንባቢ የሚያገኛቸው በእሱ ነውና።

ዳንግሬቶ ወደሚለው እንመለስ፤ የሱ ታሪክ ከግራዋ የባሰ ሩቅ ነው። አውሪኩሊፌራ የሚለውን ስም ያወጣው እንግሊዛዊው ዊልያም ሂርን በ1898 ነው። ያየው ናሙና የመጣው ከካፋ አይደለም፤ ከጅማም፣ ከወለጋም አይደለም። ከአንጎላ ነው። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቬልቪች ለፖርቱጋል መንግሥት ተቀጥሮ ከ1853 እስከ 1861 አንጎላን ሲያስስ የሰበሰበውን ሂርን በለንደን ዘረዘረ። አውሪኩሊፌራ ባለ ትናንሽ ጆሮ ማለት ነው። የዳንግሬቶ ቅጠል ከአገዳው በሚያያዝበት ግርጌ ላይ ሁለት ትናንሽ ቅጠሊቶች እንደ ጆሮ ቆመው ይገኛሉ። ዋጫ ላይ ቅጠሉን ገልብጦ ያየ ሰው ሁሉ ያገኛቸዋል።

በዕፅዋት ስም ደንብ መሠረት የዝርያ ስም ብዙውን ጊዜ ከአንድ ደረቅ ናሙና ጋር ታስሮ ይኖራል። ሊቃውንት ወደፊት ዳንግሬቶ ሁለት ዝርያ ነው ብለው ቢከፍሉት አሮጌው ስም የሚቀረው ለዚያ ለአንጎላው ናሙና ክፍል ነው፤ የካፋው አዲስ ስም ይሻል ማለት ነው። በካፋ ጓሮ የዳንግሬቶ ጎረቤት የሆነው እንሰትም ዕጣው ይኸው ነው። እንሰት በ1791 በሳይንስ ሲሰየም ሙዛ ኤንሴቴ ተባለ፤ ከጄምስ ብሩስ የጎንደር ዘመን መጽሐፍ የተወሰደ፣ ከአገሬው አፍ የመጣ ስም። ሙዛ የሙዝ ወገን ነው። ኋላ እንሰት ከሙዝ ተለይቶ የራሱ ወገን ሲሆን ወገኑ ራሱ ኤንሴቴ ተባለ። ችግሩ የዕፅዋት ደንብ የወገኑና የዝርያው ስም አንድ ዓይነት እንዲሆን አይፈቅድም፤ ኤንሴቴ ኤንሴቴ ማለት ክልክል ነው። ስለዚህ በተከታይነት የሚመጣው ስም ተፈለገ፤ የተገኘውም ያው ቬልቪች በ1859 ለአንጎላ ተክል ያወጣው ቬንትሪኮሰም ነበር፤ ሆደ ሰፊ ማለት ነው። የካፋና የጉራጌ፣ የሲዳማና የጌዴኦ እንጀራ የሆነው ተክል በመጠሪያው ግማሽ አንጎላዊ ሆኖ ቀረ።

አንጎላ ለምን ቀደመ? ስም የሚከተለው ተክሉን ሳይሆን የሰብሳቢውን መንገድ ስለሆነ ነው። የኢትዮጵያ ዕፅዋት በአውሮፓ የታወቁት በዋናነት በሰሜኑ በኩል ነው። ጀርመናዊው ዊልሄልም ሺምፐር በ1837 መጥቶ እስኪሞት ድረስ፣ እስከ 1878፣ በአብዛኛው በትግራይ ኖሯል። የአካባቢው ገዥ ደጃዝማች ውቤ እንጢጮን እስከማስተዳደር ሾመውት ነበር። ዓድዋ አካባቢ የለቀመው ሁሉ እየደረቀ፣ እየተባዛ ወደ አውሮፓ ቤተ ዕፅዋት (ሄርባሪየም) ተላከ። ለዚህ ነው በዕፅዋት መጽሐፍ ውስጥ አዶኤንሲስ የሚል ስም እንደ አሸዋ የበዛው፤ የዓድዋ ማለት ነው። ከግራዋ ነገድም ቬርኖኒያ አዶኤንሲስ አለ። ካፋ ግን እስከ 1897 በበሮችና በጉድጓድ የተከበበ፣ እንግዳ እንደፈለገ የማይገባበት መንግሥት ነበር። ተጓዡ አንትዋን ዳባዲ በ1843 ቦንጋ ደርሷል፤ ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር የመጣው በ1905 ነው፤ ለዕፅዋት ሳይሆን ለሕዝቡ ባህል። ዳንግሬቶ በር ላይ ቆሞ እያበበ ሳለ ስሙን አንጎላ ወሰደችው።

በነገራችን ላይ ናሙናን አባዝቶ መላክ ቅንጦት አልነበረም። መጋቢት 1943 በበርሊን ላይ በወረደ ቦምብ የዚያ ከተማ ቤተ ዕፅዋት አብዛኛው ተቃጠለ። ሺምፐር የላካቸው ቅጂዎች በሌሎች ከተሞች ባይኖሩ ኖሮ ብዙ የኢትዮጵያ ተክል ስም መሠረቱን ያጣ ነበር።

ከውጭ ወደ ውስጥ የመጣው ለውጥ በአንድ ሰው ሥራ ይታያል። መስፍን ታደሰ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ፣ ኋላም በአሜሪካ ኦሃዮ የሠራ የዚህ ቤተሰብ ሊቅ ነው። በ1984 በኡፕሳላ ያሳተመው የዶክትሬት ጥናቱ ያተኮረው በአደይ አበባና በዘመዶቿ ላይ ነበር። ከሱ በፊት ሼርፍ የተባለው የቺካጎ ሊቅ እነዚህን ቢጫ አበቦች በሁለት ወገን ከፍሎ ነበር፦ ፍሬው ክንፍ ያለውን ወደ ኮሪኦፕሲስ፣ ፍሬው ቀንድ ያለውን ወደ ቢደንስ። በአፍሪካ ግን ክንፍም ቀንድም እየተቀላቀለ ይገኛል። መስፍን የአፍሪካዎቹን ወደ ቢደንስ ሰበሰባቸው። እዚህ ላይ ስሙ የሚያስቅ ሆነ፤ ቢደንስ ሁለት ጥርስ ማለት ነው፣ ከአደዮቹ አንዷ ደግሞ ማክሮፕቴራ ትባላለች፣ ትልቅ ክንፍ። መስከረም ላይ ልጆች ይዘዋት የሚዞሩት አበባ ባለ ትልቅ ክንፍ ሁለት ጥርስ ናት ማለት ነው።

ሌላው የመስፍን ሥራ ይበልጥ ልብ ይነካል። ቀበሪቾ የሚባለው ሥር በየገበያው ይሸጣል፤ ለጭስ ይታጠናል፣ ለሳልና ለምች ይታሰባል። ሕዝብ ያን ያህል ዘመን የሚያውቀው ተክል በሳይንስ ራሱን ችሎ የተሰየመው ግን በ1990ዎቹ ነው። መስፍን ስም ሲያወጣለት የሰብሳቢ ስም ወይም የግሪክ ቃል አልፈለገም። ኤኪኖፕስ ቀበሪቾ አለው። ስሙ ከገበያው ወጥቶ ላቲን ሆነ።

የሱ ትልቁ ሥራ ግን የአስቴራሴ ቤተሰብ ሙሉ መዝገብ ነው፤ ከላይ የተጠቀሰው የ2004ቱ መጽሐፍ ክፍል። የኢትዮጵያ ዕፅዋት ፕሮጀክት በ1980 በአዲስ አበባና በኡፕሳላ ትብብር ተጀምሮ በ2009 በስምንት ቅጽ ተጠናቀቀ። ስድስት ሺህ ገደማ ዝርያዎች ገቡበት። ከጀርባው በ1959 የተቋቋመው የአዲስ አበባው ብሔራዊ ሄርባሪየም አለ። አንድ አገር ዕፅዋቷን ቁልፍ ባለው መጽሐፍ ማሳተሟ በአፍሪካ ተራ ነገር አይደለም፤ ብዙ አገሮች ዛሬም ጅምር ላይ ናቸው።

በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ካፋ ላይ በአጥርነት የሚታይ አንድ ወፍራም ቁጥቋጦም አለ፤ የሽኮኮ ጎመን። ግንዱ ለስላሳ፣ ቅጠሉ ሰፊና የጎመን ዓይነት ነው። ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኝም። ቫትኬ የተባለ ጀርመናዊ በ1875 ሴኔሲዮ ጊጋስ አለው። ሴኔሲዮም እንደ ቬርኖኒያ ከሺህ በላይ ዝርያ የታጨቀበት ሌላ ጎታ ነበር። ቻርልስ ጄፍሪ በ1986 አውጥቶ ሶላኔሲዮ ወደሚባል ትንሽ ወገን አስገባው። ጊጋስ ማለት ግዙፍ ነው። አማርኛው ተክሉን ለሽኮኮ ሲሰጥ ላቲኑ ለግዙፍ ሰጠው።

ደግሞም ልብ ላለው አማርኛው ራሱ የሁለት ቃል ሥርዓት አለው። የሽኮኮ ጎመን ሲባል ጎመን ወገኑ ነው፣ የሽኮኮ የሚለው መለያው። የምድር በርበሬ፣ ለጥርስ ሕመም የምትታኘከው ቢጫ አበባ፣ እንዲሁ። ሊኔየስ ከመወለዱ በፊት ይህ ሥርዓት በአገሩ ነበረ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ልዩነቱ የሕዝቡ ስም ዝምድናን ሳይሆን ሥራንና ጠባይን መከተሉ ነው። ልብስ ላይ የሚጣበቅ ሁሉ ጭጎጎት ይባላል፤ ከአደይ ጋር የሚዛመደውም፣ ከማይዛመድ ሌላ ቤተሰብ የመጣውም። ለልብሱ ለሚጠነቀቅ ሰው ይህ ምደባ ፍጹም ትክክል ነው። ምን ዓይነት ጥያቄ ተጠይቆ የተመለሰ እንደሆነ ማወቅ ብቻ ያስፈልጋል።

የደንቡን ጥብቅነት የሚያሳይ አንድ ሌላ የግራዋ ዘመድ አለ። ፐርዱ የተባለ አሜሪካዊ በ1964 በሐረር አካባቢ ፍሬውን ሰብስቦ ወሰደ፤ ዘይቱ ለቀለምና ለፕላስቲክ ማለስለሻ የሚሆን ልዩ ዘይት ሆኖ ተገኘ። ብዙ ሰው የሚያውቀው ቬርኖኒያ ጋላሜንሲስ ብሎ ነው፤ ጋላም በሴኔጋል ወንዝ ላይ ያለ ምድር ነው። ተክሉ ግን ቀደም ሲል በ1803 ፓውሲፍሎራ፣ ጥቂት አበባ፣ ተብሎ ነበር። ያ ቃል በቬርኖኒያ ወገን ውስጥ ለሌላ ተክል ተሰጥቶ ስለነበር በዚያ ቤት ሊጠራበት አልቻለም። ሮቢንሰን ከቬርኖኒያ ሲያወጣው እንቅፋቱ ተነሣና የቀደመው ስም ከሞት ተነሥቶ ሴንትራፓለስ ፓውሲፍሎረስ ሆነ። ስለ አንድ ዘይት የሚያነብ ነጋዴ እነዚህን ስሞች የሁለት ተክል ቢመስሉት አይፈረድበትም።

ካፋ ውስጥ ስለ ስም ሲነገር ቡና ሳይነሳ አይቀርም። ሊኔየስ በ1753 ኮፊያ አራቢካ አለው፤ የዓረብ ቡና። ስሙ ስለ አገሩ የሚናገረው ስህተት ነው፤ ደንቡ ግን ትርጉሙ ተሳስቷል ተብሎ ስም እንዲሻር አይፈቅድም። እያንዳንዱ የተሳሳተ ትርጉም ይታረም ቢባል ማንም በማንም ስም አይስማማምና አሠራሩ ያስኬዳል። የካፋ ሰው ደስ ባይለውም መብቱ ነው። ዩኔስኮ በ2010 የካፋን ደን ባዮስፌር ሪዘርቭ ብሎ ሲመዘግብ ዋነኛው ምክንያት በውስጡ ያለው የዱር ቡና መሆኑ ግን ሌላ ዓይነት እርማት ነው።

ደንቡ አንድ ጊዜ ብቻ ከዚህ ዘንበል ብሏል። በ2024 ማድሪድ ላይ ጉባኤው ከ200 በላይ ዕፅዋት ይዘውት የነበረውን ካፍራ የሚል ስም ወደ አፍራ እንዲለወጥ ድምፅ ሰጠ፤ ቃሉ በደቡብ አፍሪካ ጥቁር ሕዝብ የሚሰደብበት ስለሆነ። ድምፁ ቢመሳሰልም ከካፋ ጋር ምንም ዝምድና የለውም።

አሁን በዋጫ ዳር ዳንግሬቶ ለመሰብሰብ የሚወጣ አንድ ተማሪ ይታሰብ። መቀስ፣ አሮጌ ጋዜጣ፣ ሁለት የእንጨት መጫኛና ማስታወሻ ይዟል። አበባና ፍሬ በአንድነት ያለበትን ቅርንጫፍ ይመርጣል፤ አበባ ብቻ ከሆነ የፀጉሩ ነገር ይጎድላል። ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ቀኑን ይጽፋል። የአበባውን ቀለም አሁኑኑ ይጽፋል፣ ሐምራዊው ሲደርቅ ቡናማ ይሆናልና። በካፊኖኖ የሚጠራበትን ስምና ስሙን የነገረውን ሰው መንደር ይጨምራል። ከዚያ ወደ ቅጠሉ ይመጣል፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው። የዳንግሬቶ ቅጠል ከሄርባሪየሙ ወረቀት ይበልጣል። እንዲበቃ ጫፉን ማጠፍ ይቻላል። ጀማሪው ግን ማጠፉን ትቶ ቅጠሉን ከግርጌው ይቆርጠዋል፤ ሁለቱ ትናንሽ ጆሮዎች፣ ሂርን በ1898 ስም ያወጣባቸው፣ ከአገዳው ጋር መሬት ይወድቃሉ።